ቤት ውስጥ በማግና በብርጭቆ ላይ ማተም፦ የ18 ወራት አጠቃቀም ግምገማ

ይህ ግምገማ በማግና በብርጭቆ ላይ የራስን ፎቶ፣ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ቤት ውስጥ ለማተም ስለሚያገለግሉ ዕቃዎች ነው። በዋናነት የምመዝነው መርካቶ ውስጥ የታወቀ የንግድ ስም ሳይኖረው የሚሸጠውንና እኔ ለ18 ወራት የተጠቀምኩበትን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ማግ ብቻ የሚይዝ የሙቀት ማተሚያ ማሽን ነው፤ ከእሱ ጋር አብረው የሚያስፈልጉትን ቀለም፣ ወረቀትና ማግ፣ እንዲሁም ለብርጭቆ የሚሻለውን ሌላ መንገድ አያይዤ አነሣለሁ። እስካሁን ከ200 የሚበልጡ ማጎች አትሜበታለሁ። አብዛኞቹ ለሰርግ፣ ለምርቃትና ለልደት ስጦታ ሄደዋል፤ ከ30 የማያንሱት ደግሞ ተበላሽተው እኔው ጋ ቀርተዋል። ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፣ ማሽኑ ለዋጋው የሚገባውን ሥራ ይሠራል፤ የሕትመቱን ጥራት በአብዛኛው የሚወስነው ግን ማጉ የተቀባው ሽፋን ነው፤ ለብርጭቆ ይህን ማሽን ለማንም አልመክርም።

ዋጋ በብር አልጽፍም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ ስለማይቆይ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያነበውን ሰው ያሳስታል። የሚጠቅመው ንጽጽር ይህ ነው፦ እኔ በገዛሁበት ሰሞን የማሽኑ ዋጋ ሽፋን ካላቸው 40 ያህል ባዶ ማጎች ዋጋ ጋር ይተካከል ነበር። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጣው ማሽኑ ሳይሆን ማጉ መሆኑን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

አሠራሩን ማወቅ ዕቃ ለመምረጥ ስለሚረዳ ባጭሩ ላስረዳ። የሰብሊሜሽን ቀለም እንደ ተራ የፕሪንተር ቀለም አይደለም። ወረቀት ላይ ታትሞ ከደረቀ በኋላ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲጫኑት፣ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ትነት ይለወጣል፤ ትነቱም ማጉ ላይ የተቀባውና በሙቀቱ የላላው የፖሊስተር ዐይነት ሽፋን ውስጥ ይገባል፤ ማጉ ሲቀዘቅዝ ሽፋኑ መልሶ ይጠብቅና ቀለሙን ውስጡ ይዞት ይቀራል። በደንብ የታተመ ማግ በጣት ሲዳሰስ ሥዕሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የማይታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ባሕርይ ግን ገደብ አለው። ሽፋን የሌለው ተራ ማግ ምንም ያህል ቢሞቅ ቀለሙን አይቀበልም፤ ቢቀበልም በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። በተጨማሪም ቀለሙ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነና ነጭ ቀለም የሚባል ነገር ስለሌለው፣ በሥዕሉ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው የማጉ የራሱ ንጣት ነው። ጥቁር ወይም ሰማያዊ ማግ ላይ ፎቶ ለማተም የሚፈልግ ሰው በዚህ መንገድ አይሳካለትም።

ማሽኑ በጠረጴዛ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ቀላል ነገር ነው። የማሞቂያ ሽቦ በውስጡ ያለበት፣ በሲሊኮን ጎማ የተሸፈነ ቀበቶ ማጉን ዙሪያውን ያቅፈዋል፤ በእጅ የሚጫን ማንሻ ቀበቶውን ያጠብቀዋል፤ በጎኑ ያለው ብሎን የጥበቱን መጠን ይለውጣል፤ ከፊቱ ያለው መስኮት ሙቀቱንና ሰከንዱን ያሳያል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ይጮኻል። የሚሠራው በ220 ቮልት ሲሆን ኃይሉ 350 ዋት አካባቢ ነው፤ ይህም የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚፈልገው አንድ አሥረኛ ያህል ማለት ነው፤ በቤት መስመር ላይ ጫና አያመጣም። የሚቀበለው ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለውን፣ 325 ሚሊ ሊትር የሚይዘውንና ወደ 8 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለውን የተለመደውን ማግ ብቻ ነው። ከታች ጠበብ ብሎ ከላይ የሚሰፋ ማግ በቀበቶው ውስጥ እኩል ስለማይጠብቅ ግማሹ ደብዝዞ ይወጣል። በዚሁ ምክንያት የቡና ሲኒያችን ለዚህ ማሽን አይሆንም። ብዙ ሰው ሲኒ ላይ ስም ማሳተም ይቻል እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ቅርጹ ከታች የጠበበ፣ መጠኑም ትንሽ በመሆኑ በዚህ ማሽን አይቻልም።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ማሽን ልላክ ቢል አስቀድሞ ቮልቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡት በ110 እና በ120 ቮልት መካከል የሚሠሩ በመሆናቸው አዲስ አበባ ውስጥ ኃይል መለወጫ ሳይኖር ቢሰኩ ይቃጠላሉ። እዚያ የታወቀው የክሪካት ማግ ፕሬስ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ሙቀቱንና ሰዓቱን ራሱ ስለሚወስን ተጠቃሚው የሚነካው ቁጥር የለም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ እኛ ዘንድ የሚሸጠው ማሽን ግን ቁጥሩን ለተጠቃሚው ይተወዋል፤ ትክክለኛውንም ቁጥር ራስ ሞክሮ ማግኘት ግድ ነው።

እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። ከአንድ ካርቶን ስድስት ማጎች አውጥቼ ተመሳሳይ ሥዕል በ180 ዲግሪ ለተለያየ ጊዜ አተምሁ። በ120 ሰከንድ ቀዩ ወደ ሮዝ አጋደለ፣ ጥቁሩም ገረጣ። በ180 ሰከንድ ቀለሙ ሞላ፤ ቀጭን መስመሮችም ጥርት ብለው ቆዩ። ከ240 ሰከንድ በላይ ሲሆን ጥቁሩ ወደ ቡናማ ተለወጠ፣ የመስመሮቹ ጠርዝ ተበተነ፣ የማጉ ንጣትም ቢጫ ያዘ። ሌላ ሰው የገዛው ተመሳሳይ ማሽን በእኔ ቁጥር ላይሠራ ይችላል፤ መስኮቱ ላይ የሚታየው ሙቀትና ማጉ ላይ የሚደርሰው ሙቀት ሁልጊዜ አንድ አይደሉምና። ስለዚህ ስድስት ማግ ለሙከራ መሠዋት ብክነት ሊመስል ቢችልም፣ በኋላ ለሰርግ የታዘዙ ማጎችን ከማበላሸት ያድናል።

ወደ ማጉ ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው እሱ ነውና። መጀመሪያ የገዛኋቸው 12 ማጎች በውጭ ሲታዩ ነጭና የሚያብረቀርቁ ነበሩ፤ ሻጩም «የሰብሊሜሽን ናቸው» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ካተምኋቸው በኋላ ሦስቱ ከእጀታው አጠገብ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ቀለም አልያዙም፤ አንዱ ደግሞ ከታች በኩል ሽፋኑ ተከማችቶ ስለደረቀ እዚያ ላይ ቀለሙ እንደ ጠብታ ወፍሮ ታየ። ከዚያ ወዲህ ማግ ስገዛ አንዱን ከካርቶን አውጥቼ ወደ መስኮት ብርሃን አዘነብለዋለሁ። ሽፋኑ ጥሩ ሲሆን የብርሃኑ ነጸብራቅ ከላይ እስከ ታች ሳይቆራረጥ እንደ አንድ መስመር ይወርዳል፤ ሽፋኑ ካልተስተካከለ መስመሩ ይቆራረጣል ወይም መሐል ላይ ይደበዝዛል። ይህ ፍተሻ ሁሉንም ጉድለት አይይዝም፤ ነገር ግን ከፊሉን መጥፎ ማግ ከመግዛት አድኖኛል። ብዙ ማግ ለማዘዝ የሚያስብ ሰው ከካርቶኑ ሁለት ማግ ብቻ ገዝቶ፣ ቤቱ አትሞ፣ ውጤቱን ካየ በኋላ ቀሪውን እንዲገዛ እመክራለሁ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

ለምርቃት ብዙ ሰው የሚወደው ከሥሩ ነጭ የሆነው ጥቁሩ ማግ ነው፤ ትኩስ ቡና ወይም ሻይ ሲቀዳበት ጥቁሩ ሽፋን ይጠፋና ሥዕሉ ይወጣል። ይህ ማግ የተሠራው በሙቀት ቀለሙን በሚለውጥ ሽፋን በመሆኑ ከነጩ ይልቅ ለሙቀት ስስ ነው፤ እኔ በ160 ሰከንድ ነው የማወጣው። ተመራቂው ሻይ ሲቀዳለት ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ላየ ሰው ዋጋው ውድ አይደለም፤ ዕድሜው ግን ከነጩ ያነሰ መሆኑን ለሚገዛኝ ሰው ሁልጊዜ እናገራለሁ።

ፕሪንተሩን በተመለከተ፣ በሰብሊሜሽን ቀለም ሞልተው የሚጠቀሙበት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የኤፕሰንን የታንክ ፕሪንተር የሚመርጡበት በቂ ምክንያት አለ። የኤፕሰን የሕትመት ጭንቅላት ቀለሙን የሚገፋው በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጥ ቁስ ነው፤ ቀለሙን አያሞቀውም። ቀለሙን በሙቀት አፍልተው በሚረጩ ፕሪንተሮች ውስጥ ግን በሙቀት የሚተን ቀለም መጨመር አይሆንም። አዲስ ፕሪንተር ከመጀመሪያው በሰብሊሜሽን ቀለም መሞላት አለበት፤ ቀደም ሲል ተራ ቀለም የገባበትን መለወጥ ቀለሙን ያደባልቀዋል። ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው፣ ፕሪንተሩ ለሳምንታት ሳይሠራ ከቆመ ቀለሙ አፍንጫዎቹ ላይ ደርቆ መስመር እየዘለለ ማተሙ ነው። እኔ ሥራ ባይኖርም በየሳምንቱ አንድ ባለ አራት ቀለም ገጽ አትማለሁ። በዓመት አሥር ወይም ሃያ ማግ ብቻ የሚያትም ሰው ግን ፕሪንተር መግዛት አያስፈልገውም፤ የሰብሊሜሽን ወረቀቱን የማተሚያ ቤት ያትምለት፣ ማሞቁን ቤቱ ይጨርስ። በዚህ መንገድ የሚድነው ገንዘብ ብዙ ነው።

ሥዕሉ ወረቀት ላይ ሲወጣ የደበዘዘ መምሰሉ ጀማሪን ያስደነግጣል። ጥቁሩ ግራጫ፣ ቀዩ የጡብ ቀለም ይመስላል፤ ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚነቃው። በዚህ ምክንያት ትክክለኛውን ቀለም በዓይን ፈርዶ ማስተካከል አይቻልም፤ ለቀለሙና ለወረቀቱ የተዘጋጀ የአይሲሲ ፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለሙ ትክክል ሆኖ እንዲወጣ የሚያስተካክል ፋይል፣ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ያስፈልጋል። ይህን የተማርኩት ከእናቴ ነው። ለእሷ ብዬ የአያቴን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማግ ላይ አተምሁ። እናቴ ማጉን ይዛ ወደ በረንዳው ብርሃን ወጣችና ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በኋላ «ልጄ፣ የእማማ ነጠላ ነጭ ነበር እኮ፤ ይኼ ምነው አረንጓዴ መሰለ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ግራጫው ሁሉ ስስ አረንጓዴ ጥላ ይዟል። ባለ ቀለም ፎቶ ላይ የማይታይ ስሕተት ጥቁርና ነጭ ላይ ወዲያው ይጋለጣል። ፕሮፋይሉን ከጫንሁ በኋላ ሁለተኛውን አተምሁላት፤ ነጠላውም ነጭ ሆነ። የመጀመሪያውን ማግ ግን ልትጥለው አልፈቀደችም፤ ማንኪያ ትይዝበታለች።

በግዕዝ ፊደል የሚያትም ሰው ከላቲኑ ይልቅ መጠንቀቅ ያለበትን ነገር እዚህ ላይ ማስቀመጥ እወዳለሁ። ማግ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ቃል «እንኳን» የሚለው ነው፦ እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንኳን ተወለድህ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ኳ ከእግሯ ሥር ያለችው ትንሽ ምልክት ቀጭን ስለሆነች፣ ወረቀቱ በሙቀቱ መካከል ጥቂት ከተንሸራተተ ወይም ጽሑፉ ትንሽ ከሆነ ቀለሙ ይሞላባትና ፊደሏ ካ ትመስላለች። እኔ ለእንደዚህ ያለው ጽሑፍ የፊደሉ ቁመት ከ6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ አደርጋለሁ፤ ከቀጫጭን ቅርጾችም ይልቅ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለውን ወፈር ያለ ፊደል እመርጣለሁ። ናያላና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለትልቅ ርእስ ያምራሉ፤ ለትንሽ ጽሑፍ ግን ቀጭን መስመራቸው ይደበዝዛል። የሚታተመውን ፋይል ስታዘጋጁ ጽሑፉ ወደ ሥዕል ተለውጦ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) መቀመጥ አለበት፤ የማጉ የሕትመት ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር በ9 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሥዕሉ 2362 በ1063 ፒክስል ይሆናል ማለት ነው። በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ይህን አያሟላም፤ ላኪው በፋይል መልክ እንዲልክ መጠየቅ ይገባል።

ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት እንደ መስታወት መገልበጥ ያለበት መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሆኖም የግዕዝ ፊደል ላይ መርሳቱ ቀላል ነው። ሰ፣ በ፣ ተ እና ዐ ተገልብጠውም ቢሆን ያው ራሳቸውን ስለሚመስሉ፣ በእነሱ የሞላ ስም በስክሪን ላይ ሲታይ መገልበጡና አለመገልበጡ በአንድ ዕይታ አይለይም። እኔ በዚህ ምክንያት በወረቀቱ ጠርዝ ከሕትመቱ ውጭ «ረ» የምትለዋን ፊደል ሁልጊዜ እጨምራለሁ፤ ረ ተገልብጣ ካልታየች ወረቀቱ ወደ ማሽን አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ሥዕለ አድኅኖን ማግ ላይ እንዳትም የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ አላትምም። የሚከበር ሥዕል ከምግብ ትርፍራፊ ጋር በማጠቢያ ሳህን ውስጥ መግባቱ ልክ አይመስለኝም። ለበዓል ማግ የሚፈልግ ሰው የአደይ አበባ፣ የመስቀል ደመራ ወይም የቤተሰብ ፎቶ ቢያትም ያምራል።

ወረቀቱን ማጉ ላይ ሲጠቀልል ብዙ ሰው ይቸኩላል። ማጉን በአልኮል በነከርሁት ንጹሕ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ከጣት የቀረ ቅባት ቀለሙ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣልና። ወረቀቱን ማጉ ላይ እጠቀልለዋለሁ፤ ማዕዘኖቹንና መካከሉን ሙቀት በሚችል ቴፕ አጥብቄ እይዛለሁ፤ በአውራ ጣቴ ከመሐል ወደ ዳር እየሳብሁ አየር እንዳይቀርበት አደርጋለሁ። ወረቀቱ ልል ከሆነ ሥዕሉ ጥላ ይይዛል፤ አንድ ፊደል ሁለት ይሆናል። ማሽኑ ሲጮኽ ማንሻውን ከፍቼ ማጉን በወፍራም ጓንት አውጥቼ ወረቀቱን በአንድ እርምጃ እገፈዋለሁ፤ እየተጎተተ መገፈፍ የለበትም። ከዚያ ማጉ በደረቅ እንጨት ላይ ራሱ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚነክሩት አሉ፤ እኔ ሁለት ማግ በዚያ መንገድ ስለተሰነጠቁብኝ ትቼዋለሁ። ክፍሉ መስኮት የተከፈተበት ይሁን፤ ሽፋኑ ሲሞቅ ሽታ አለው፤ ሕፃናት ከማሽኑ እንዲርቁ ማድረግም ግድ ነው።

የማሽኑ ጉድለቶች ሦስት ናቸው ልል እችላለሁ። ቀበቶው የማጉን የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ እኩል አያሞቅም፤ ከጫፍ ወደ ውስጥ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ቀለሙ ገርጥቶ ስለሚወጣ፣ ዋናው ጽሑፍ እዚያ እንዳይደርስ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል፤ መብራት በሕትመት መሐል ሲጠፋ ማሽኑ ቁጥሩን ይረሳል። አንድ ጊዜ መብራት እስኪመለስ ማጉን ሳልነካው ለ40 ደቂቃ ቆየሁና ከመጀመሪያው አሞቅሁት፤ ማጉም ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ የሙሽራዋ ፊትም ተበተነ። ከዚያ ወዲህ መብራት በሕትመት መካከል ከጠፋ ያን ማግ እንደጠፋ ቆጥሬ በአዲስ እጀምራለሁ። ሦስተኛው የቀበቶው ዕድሜ ነው፤ ከ150 ያህል ማግ በኋላ ጎማው እጀታው በሚነካበት ቦታ ተሰነጠቀ። መለዋወጫው ይገኛል፤ አስገብቼዋለሁ፤ ሥራው በአንድ ዊንዲቨር ያልቃል። ማሽኑን ስትገዙ መለዋወጫ ቀበቶ አብሮ እንዲኖር ጠይቁ።

የሕትመቱ ጽናት ከጠበቅሁት በላይ ሆኗል። ቢሮ የምጠቀምበት ማግ ለ14 ወራት በየቀኑ ታጥቧል፤ ቀለሙ አልለቀቀም። የሚያበላሸው ሽቦ ነው። በየቤታችን ለድስትና ለምጣድ የሚያገለግለው የሽቦ ማጠቢያ ማጉ ላይ ሲወርድ ሽፋኑን ይቧጥጠዋል፤ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል። ለሰው ስሰጥ በስፖንጅና በፈሳሽ ሳሙና እንዲታጠብ በትንሽ ወረቀት ጽፌ አስገባበታለሁ። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጌጥ ሲቀመጥም በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።

ማሽን ሳይገዛ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በእጅ ሥሎ ምድጃ ውስጥ መጋገር ነው፤ በተራ ቋሚ ማርከር ሞክሬዋለሁ፤ በሳምንት ውስጥ ስለሚታጠብ አይሠራም። ለሴራሚክ ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም ግን ሌላ ነው፤ ለምሳሌ ፔቤዮ ፖርሴሊን 150 የሚባለው 24 ሰዓት ደርቆ በ150 ዲግሪ ለ35 ደቂቃ ሲጋገር ይጸናል፤ እጁ ለሥዕል የሚታዘዝለት ሰው ተራ ማግና ሲኒ ላይ በዚህ ሊሠራ ይችላል። ሲኒ ላይ ስም ለሚፈልጉት የምነግራቸው ይህን ነው። ሁለተኛው ስቲከር ነው። ፕሎተር (ስቲከር በቅርጽ የሚቆርጥ ማሽን) ያለው የስቲከር ቤት ስሙን ቆርጦ ይሰጣል፤ ማጉን በአልኮል ጠርጎ መለጠፍ ነው። ከአፍ በሚነካው ጠርዝ ላይ መለጠፍ የለበትም፤ ከተለጠፈም በኋላ ሦስት ቀን ሳይታጠብ መቆየት አለበት። ለአንድ ዝግጅት ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ለሚጠጣበት ማግ ግን በጊዜ ጠርዙ ይነሣል።

ተራ ብርጭቆ እንደ ማጉ ሽፋንም ንጣትም ስለሌለው ማሽኑ አይሆነውም፤ ለብርጭቆ የምወደው መንገድ ብርጭቆን የሚበላ ክሬም ነው። ክሬሙ የፍሎራይድ ጨው ያለበት አሲዳማ ነገር ሲሆን፣ የብርጭቆውን ላይኛ ገጽ በስሱ በልቶ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ቦታ ይተዋል። ቀለም የለውም፤ ምንም የሚላጥ ነገርም የለውም፤ ብርጭቆው እስካለ ድረስ ጽሑፉ አለ። ባለፈው ጥር ለወንድሜ ሰርግ በስድስት ብርሌዎች ላይ የሙሽሮቹን ስም የመጀመሪያ ፊደልና ዓመተ ምሕረቱን በዚህ አወጣሁ። የስቲከር ቤቱ ፊደሎቹን ቆርጦ አወጣልኝ፤ እኔ የፊደሎቹን ውስጥ ለቅሜ ዙሪያውን ብርሌው ላይ ለጠፍሁ። የመጀመሪያው ላይ ስቲከሩ ሆዱ በሚያብጥበት ቦታ ስለተሸበሸበ፣ ክሬሙ በሽብሽቡ ሥር ገብቶ የፊደሉ ጠርዝ ላይ ደመና ሠራ፤ ያችን ብርሌ ለቤት አስቀረኋት። ለቀሪዎቹ ስቲከሩን ከ3 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አሳነስሁት፣ ዙሪያውን በመቀስ ቆራርጬ እንዲተኛ አደረግሁት፣ ከአንገቱ በታች ሳይሆን ሆዱ ለጥ ባለበት ከፍታ ላይ አስቀመጥሁት። ክሬሙን በወፍራሙ ቀብቼ በመመሪያው የተጻፈውን ያህል ቆይቼ በሚፈስ ውኃ አጠብሁት። ጠጅ ሲሞላበት በቢጫው ላይ ነጩ ፊደል ጎልቶ ወጣ፤ የሙሽራዋ እናት ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥታ ስታየው ያን ቀን ያጠፋሁት ድካም ሁሉ ተረሳኝ።

ስለ ክሬሙ ጥንቃቄ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የላስቲክ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የተከፈተ መስኮት ግዴታ ናቸው። ፍሎራይድ ያለበት አሲድ ቆዳን ሲነካ ሕመሙ ወዲያው ላይሰማ ይችላል፤ ሲሰማ ጉዳቱ ከቆየ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠብታ ከነካ ሕመም ሳይጠብቁ በብዙ ውኃ መታጠብና ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። የሚታጠብበትም የሚያብረቀርቅ የሸክላ ማጠቢያ ባይሆን ይሻላል፤ ክሬሙ ያንንም ሊበላ ይችላል። እኔ የፕላስቲክ ባልዲ እጠቀማለሁ።

እንግዲህ ማሽኑን ማን ይግዛው? በዓመት 50 እና ከዚያ በላይ ማግ የሚሠራ፣ ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ ስጦታ በገዛ እጁ መሥራት የሚወድ፣ ሥራውንም በትዕግሥት የሚሞክር ሰው አይጸጸትም። ሁለት ማግ ለአንድ ልደት የሚያስፈልገው ሰው ወደ ማተሚያ ቤት ይሂድ። የሚገዛው ደግሞ ከሱቁ ሳይወጣ ማሽኑን አስሰክቶ፣ ሻጩ ፊት የራሱን ወረቀት ይዞ ሄዶ አንድ ማግ ያትምበት። ቀበቶው ከላይ እስከ ታች እኩል ያሞቅ እንደሆነ፣ ማንሻው ሳይላላ ይጠብቅ እንደሆነ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር ሳይዘልል ወደ 180 ይደርስ እንደሆነ በዚያችው አንድ ማግ ይታወቃል። እኔ የመጀመሪያውን ማሽን ሳልሞክረው ይዤ ወጣሁ፤ የግማሹ ቀበቶ ስለማይሞቅ በማግሥቱ መመለስ ነበረብኝ። የአሁኑን ግን ሱቁ ውስጥ ነጭ ማግ ላይ የእናቴን ስም አትሜበት ነው የገዛሁት፤ ያ ማግ እስከ ዛሬ ሻይ ይጠጣበታል።